ጊምብሪና ብሉዝ፤ ከሌሊቱ ሥርዓት እስከ መድረክ

የሙዚቃን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁለት የተራራቁ ሕዝቦች በዜማ ሲመሳሰሉ ባየ ቍጥር አንድ ፈተና ያጋጥመዋል፤ ይኸውም መመሳሰሉን ወዲያውኑ ዝምድና ብሎ የመሰየም ፈተና ነው። በሞሮኮው የግናዋ ሙዚቃና በአሜሪካ ጥቁሮች ብሉዝ መካከል ያለው ግንኙነት ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ሁለቱ ከአንድ እናት የተወለዱ፣ በረሃና ውቅያኖስ የለያያቸው ወንድማማቾች ናቸው የሚለው አባባል ከሃምሳ ዓመት በላይ በመድረክም በጽሑፍም ሲነገር ኖሯል። አባባሉ ከእውነት ፈጽሞ የራቀ አይደለም። ይሁን እንጂ ዘመዳሞች መሆን ብቻውን አብሮ ለመጫወት አያበቃም። ግናዋና ብሉዝ በአንድ መድረክ ላይ ሊስማሙ የቻሉት በጥንት የደም ትስስር ሳይሆን፣ ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ፈቃድ መጠየቅን፣ መታገሥንና ማዳመጥን ባወቁ ሰዎች ሥራ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህን ሥራ በቅደም ተከተል ማሳየት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተመለከቱ ናቸው።

ግናዋ እነማን ናቸው?

ግናዋ በመባል የሚታወቁት ሞሮኳውያን ከሰሐራ በስተደቡብ ካሉ አገሮች፣ በአብዛኛው በባርነት ተይዘው፣ ወደ ሰሜን የተወሰዱ ሰዎች ተወላጆች ናቸው። በሰሐራ በረሃ ላይ የሚካሄደው የሰው ንግድ ብዙ መቶ ዓመታት የዘለቀ ሲሆን፣ ሁለት ጊዜያት በተለይ ይጠቀሳሉ። አንደኛው በ1591 የሞሮኮው ሱልጣን የአሕመድ አል መንሱር ሠራዊት በቶንዲቢ ጦር ሜዳ የሶንጋይን መንግሥት ድል አድርጎ ቲምቡክቱንና ጋኦን የያዘበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከ1672 እስከ 1727 የነገሠው ሙላይ ኢስማኢል ጥቁር ሞሮኳውያንን በግድ እየመለመለ ታላቁን የጥቁር ወታደሮች ሠራዊት ያቋቋመበት ዘመን ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሹኪ ኤል ሐመል በ2013 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ በዚህ ምልመላ ነጻ የነበሩ ሙስሊሞች ሳይቀሩ በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ብቻ እንደ ባሪያ ተመዝግበዋል።

እነዚህ ሰዎችና ልጆቻቸው የአገሩን ሃይማኖትና ቋንቋ ቢቀበሉም፣ የመጡበትን አገር ትዝታ በዜማቸው ውስጥ አስቀምጠው አቆይተዋል። በመዝሙሮቻቸው ውስጥ ዛሬ ዘማሪዎቹ ራሳቸው ትርጉማቸውን በሙሉ የማይረዷቸው የባምባራና የሐውሳ ቃላት ይሰማሉ። ለማኅበራቸው መንፈሳዊ አባት ሲመርጡ ደግሞ የመረጡት ቢላልን ነው። ቢላል ከሐበሻ ወገን የተወለዱ፣ በመካ በባርነት ሥር የነበሩ፣ በአቡበክር አማካይነት ነጻ ወጥተው የእስልምና የመጀመሪያው ሙአዚን ለመሆን የበቁ ሰው ናቸው። በኤሳዊራ ከተማ የሚገኘው የግናዋ ማኅበር ቤት እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ይህ ግናዋ ከኢትዮጵያ ፈለሱ ማለት አይደለም፤ አመጣጣቸው ከምዕራብ አፍሪካ ነው። ከባርነት ወደ ክብር፣ ያውም በድምፁ ኃይል፣ የተሸጋገረን ሰው አባት አድርጎ መምረጥ ግን የዘር ሳይሆን የክብር ሐረግ መምዘዝ ነው፤ በዚህ ረገድ የአገራችን ስም በታሪኩ ውስጥ በእውነት ይገኛል።

የሌሊቱ ሥርዓት

የግናዋ ሕይወት ማእከል "ሊላ" ነው፤ ቃሉ ሌሊት ማለት ነው። ሥርዓቱ አመሻሽ ላይ ተጀምሮ እስከ ንጋት ይዘልቃል። ቤቱን፣ ዕጣኑንና አልባሳቱን የምታሰናዳው፣ ታማሚዎቹንም የምትመራው ሙቀድማ የምትባለው ሴት ስትሆን፣ ሙዚቃውን የሚመራው ደግሞ ማዕለም ነው። ማዕለም ማለት ሊቀ ጠበብት፣ የሙያው መምህር እንደ ማለት ነው፤ ይህንም ማዕርግ ሰው የሚያገኘው ለብዙ ዓመታት ከሌላ ማዕለም እግር ሥር ተቀምጦ ነው።

ሌሊቱ ሦስት ክፍሎች አሉት። በመጀመሪያ በከበሮ የታጀበ ሰልፍ በአደባባይ ይደረጋል። ቀጥሎ በቤት ውስጥ የጨዋታና የጭፈራ ክፍል ይመጣል፤ በዚህ ክፍል የአባቶች ስደት፣ ባርነትና መከራ በዜማ ይወሳል፣ መንፈስ ግን አይጠራም። ሦስተኛውና ረጅሙ የመናፍስቱ ክፍል ነው። እያንዳንዱ የመናፍስት ወገን የራሱ ቀለም፣ የራሱ ዕጣንና የራሱ ዜማዎች አሉት፤ ዜማዎቹም በታወቀ ቅደም ተከተል ይከተላሉ። በአገራችን ስለ ዛር ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም፤ የቀለሙ ምርጫ፣ የዕጣኑ ጢስ፣ መንፈሱ በሰው ላይ ሰፍሮ የሚፈልገውን ዜማ መጠየቁ፣ ዓላማውም መንፈሱን ማባረር ሳይሆን አብሮት መታረቅ መሆኑ፣ ሁሉም የሚመሳሰል ነው።

የሥርዓቱ ዋና መሣሪያ ጊምብሪ ነው። ገላው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ፊቱ በግመል ቆዳ የተወጠረ፣ ረጅም እጀታና ሦስት የአንጀት አውታሮች ያሉት፣ ድምፁ ወፍራም የሆነ መሣሪያ ነው። ማዕለሙ አውታሩን በጣቶቹ ሲመታ በዚያው ቅጽበት ቆዳውን ይደልቀዋል፤ ስለዚህ አንዱ መሣሪያ ዜማም ከበሮም ይሆናል። በእጀታው ጫፍ የሚሰካው፣ ትንንሽ ቀለበቶች የተንጠለጠሉበት ቀጭን ብረት እያንዳንዱን ድምፅ በንዝረት ያጅበዋል፤ የበገናን ንዝረት የለመደ ጆሮ ይህን እንደ ጉድለት አይቈጥረውም። ተቀባዮቹ ደግሞ በየእጃቸው ቀራቀብ የተባሉ ጥንድ የብረት ማንኳኳያዎችን ይዘው ምቱን ይጠብቃሉ። የብረቱ ድምፅ የእግር ብረት ማስታወሻ ነው የሚል ትውፊትም በማኅበሩ ዘንድ ይነገራል።

ብሉዝና የዝምድናው ልክ

ወደ አሜሪካ የተወሰዱት አፍሪካውያን የደረሰባቸው ዕጣ በዚህ ረገድ የተለየ ነበር። በ1739 በደቡብ ካሮላይና በስቶኖ ወንዝ አጠገብ በባርነት የነበሩ ሰዎች ከበሮ እየመቱ ካመፁ በኋላ፣ በ1740 የወጣው ሕግ ባሮች ከበሮና ቀንደ መለከት እንዳይጠቀሙ ከለከለ። ከዚህም የተነሣ በብዙ ሥፍራዎች የምቱን ሥራ የወረሱት እጅና እግር፣ የሥራ ዜማና የክር መሣሪያ ናቸው። ባንጆ የሚባለው መሣሪያም ቆዳ ከተወጠረባቸው የምዕራብ አፍሪካ የክር መሣሪያዎች የተወለደ ነው። ብሉዝ ከዚህ ሁሉ ተወልዶ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ በደቡቡ ክፍል መልክ ያዘ፤ በ1912 ደብልዩ ሲ ሃንዲ "ሜምፊስ ብሉዝ" የተባለውን ዜማ በኖታ አሳተሙ፤ በ1920 ደግሞ የማሚ ስሚዝ "ክሬዚ ብሉዝ" በሸክላ ተቀርጾ ብዙ ሕዝብ ገዛው።

የብሉዝን የአፍሪካ ሥር የመረመሩት እንግሊዛዊው ፖል ኦሊቨር በ1970፣ ኦስትሪያዊው ጌርሃርድ ኩቢክ ደግሞ በ1999 ባሳተሟቸው መጻሕፍት ትኩረታቸውን ከሰሐራ በታች ባለው የሣር ምድር ቀበቶ ላይ አሳርፈዋል። ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት፣ ድምፅን እያንሸራተቱ መዝፈን፣ አንድን አጭር የክር ሐረግ እየደጋገሙ በላዩ ማዜም፣ እነዚህ ሁሉ በዚያ ምድር የታወቁ ናቸው። የግናዋም አባቶች ወደ ሰሜን የተወሰዱት በከፊል ከዚሁ ምድር ነው። ስለሆነም ብሉዝ የግናዋ ልጅ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል፤ ሁለቱ የአያት ልጆች ናቸው ቢባል ግን ማስረጃው ይደግፈዋል። አንደኛው በቅፍለት፣ ሌላኛው በመርከብ ተጋዘ። አንዱ ብረቱንና ከበሮውን እንደ ያዘ ሲቀር፣ ሌላው ከበሮውን ተነጠቀ።

ይህን ልክ አለማወቅ ለአፈ ታሪክ በር ይከፍታል። ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ በኤሳዊራ አጠገብ ያለውን የፈራረሰ ምሽግ አይተው "ካስልስ ሜድ ኦፍ ሳንድ" የተባለውን ዜማ እንደ ደረሱ ለጎብኚዎች ይተረካል። ሄንድሪክስ ሞሮኮን የጎበኙት በ1969 ሲሆን ዜማው በሸክላ የወጣው በ1967 ነው። የቀኑ ቍጥር ብቻውን ተረቱን ያፈርሰዋል።

ታንጂር፤ ፈቃድ የተጠየቀበት ሥፍራ

እውነተኛው መገናኘት የተጀመረው በሌላ ሰው እጅ ነው። ፒያኖ ተጫዋቹና የዜማ ደራሲው ራንዲ ዌስተን በ1926 በኒው ዮርክ ብሩክሊን ተወለዱ። አባታቸው ልጃቸው ራሱን አሜሪካ ውስጥ እንደ ተወለደ አፍሪካዊ እንዲያይ ያሳደጉ፣ የማርከስ ጋርቬይ ተከታይ ነበሩ። ዌስተን በ1967 በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አማካይነት ብዙ የአፍሪካ አገሮችን ከጓዶቻቸው ጋር ዞሩ፤ የጉዟቸው መጨረሻም ሞሮኮ ነበረች። ከዚያ በኋላ ኑሯቸውን በዚያው አድርገው በታንጂር ከተማ "የአፍሪካ ምቶች" የሚል ትርጉም ያለው ስም የሰጡትን የሙዚቃ ቤት ከፈቱ።

በታንጂር ከግናዋ ጋር ያስተዋወቋቸው ማዕለም አብደላህ ኤል ጉርድ ናቸው። ኤል ጉርድ በከተማይቱ በነበረው የአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ ማሠራጫ ጣቢያ ተቀጥረው ይሠሩ ስለ ነበር እንግሊዝኛ ያውቁ ነበር፤ ቀን የራዲዮውን ሥራ፣ ሌሊት የአባቶቻቸውን ሥራ ይሠሩ ነበር ማለት ይቻላል። ዌስተን ጊምብሪን በሰሙ ጊዜ ብሉዝን፣ ጃዝንና የጥቁሮችን ቤተ ክርስቲያን ዜማ በአንድ ጊዜ እንደ ሰሙ ደጋግመው ተናግረዋል።

ለታሪካችን ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ዌስተን በሊላ ላይ ተገኝተው የሲዲ ሙሳን ዜማ ሰሙ። ሲዲ ሙሳ የባሕርና የውኃ መንፈስ ነው፤ ቀለሙም ሰማያዊ ነው። ዜማው በእጅጉ ስለ ነካቸው በፒያኖ ሊጫወቱት ፈለጉ። የማኅበሩ ሽማግሌ ግን ዜማው የተቀደሰ በመሆኑ በገበያ ቦታ እንዳይጫወቱት ነገሯቸው። ዌስተን ራሳቸው እንደ ተረኩት፣ አንድ ዓመት ያህል ታግሠው እንደገና ጠየቁና ፈቃድ አገኙ። "ብሉ ሞዘስ"፣ ማለትም ሰማያዊው ሙሴ፣ የተባለው ሥራ በዚህ መንገድ ተወልዶ በ1972 በሸክላ ወጣ። በእንግሊዝኛ ሰማያዊ ቀለም የኀዘን ስም ሲሆን፣ ብሉዝም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው፤ በግናዋ ዘንድ ግን ያው ቀለም የባሕር ነው። አርእስቱ ሁለቱን ትርጉሞች አንድ ላይ ያዘ።

ይህ በሚሆንበት ዘመን ሞሮኳውያንም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በካዛብላንካ የሠራተኛ ሠፈር የተቋቋመው ናስ ኤል ጊዋን የተባለው ጓድ የኤሳዊራውን ማዕለም አብደራሕማን ፓኮን አባል አድርጎ በ1970ዎቹ ጊምብሪን ከባንጆ ጋር ለወጣቱ ትውልድ በመድረክ አሰማ። ስለሆነም ጊምብሪን ከሌሊቱ ቤት አውጥተው ወደ መድረክ ያመጡት የውጭ ሰዎች ብቻ ናቸው ማለት አይቻልም።

በመድረክ ላይ የሚነሡት ችግሮች

ለሙያ ባልደረቦቻችን ይጠቅማል በሚል፣ ሁለቱ በአንድነት ሲጫወቱ የሚያጋጥሙትን ችግሮች በዝርዝር ማየት ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው የኮርድ ጉዳይ ነው። የተለመደው ብሉዝ በ12 የምት ክፍሎች ውስጥ በሦስት ኮርዶች ላይ እየተዘዋወረ ይሄዳል። የግናዋ ዜማ ግን አይዘዋወርም፤ በአንድ መሠረት ላይ ቆሞ ይዞራል። ጊታር ተጫዋቹ የለመደውን ዙር ቢያመጣ ጊምብሪው ከሥሩ ይቃረነዋል። ሥራው የሚያምረው ጊታሪስቱ ወደ ሌላው የብሉዝ ዓይነት፣ ይኸውም እንደ ጆን ሊ ሁከርና እንደ ፍሬድ ማክዳዌል በአንድ ኮርድ ላይ ጸንቶ ወደሚያንጎራጉረው ዓይነት ሲመለስ ነው።

ሁለተኛው የቅኝት ጉዳይ ነው። ጊምብሪ ቋሚ ቅኝት የለውም፤ አውታሮቹ በእጀታው ላይ በታሰሩ የቆዳ ቀለበቶች ከማዕለሙ ድምፅ ጋር እንዲስማሙ ይወጠራሉ። ጊታር ይህን ሊከተል ይችላል፤ ፒያኖ ግን አይችልም። ስለዚህ ከፒያኖ ጋር ሲሆን ማዕለሙ ለፒያኖው መቃኘት ይገደዳል፤ ፒያኖ ተጫዋቹም ይህ ዕዳ እንዳለበት ዐውቆ ድምፁን መቈጠብ ይኖርበታል።

ሦስተኛው ምቱ ነው። ቀራቀብ የሚመታው ምት በሦስትና በአራት መካከል የሚዋልል ነው፤ ዜማው እየገፋ ሲሄድም ፍጥነቱ ይጨምራል። ፍጥነትን አጽንቶ መያዝን እንደ ሙያ ክብር የተማረ ድራም ተጫዋች ይህን እንደ ስሕተት ቈጥሮ ወደ ኋላ ሊጎትተው ይሞክራል፤ በዚህ ጊዜ ሙዚቃው ይሞታል። መፍትሔው ድራሙ ከብረቱ ጀርባ እንዲሄድ ማድረግ ነው።

አራተኛውና ከባዱ የፍጻሜ ጉዳይ ነው። በሊላ ላይ ዜማው የሚያበቃው መንፈስ የሰፈረበት ሰው ሲረካ ነው። በመድረክ ላይ የሚያበቃው ሰዓቱ ሲደርስ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚወስድ ነገር በስድሳ ደቂቃ ሲቈረጥ የሚቀረው ምንድን ነው? ከላይ ወደ ጠቀስናቸው የሌሊቱ ሦስት ክፍሎች ብንመለስ፣ ግናዋ ራሳቸው መልሱን አስቀድመው አስቀምጠውታል። ሰልፉ የአደባባይ ነው፤ ሁለተኛው ክፍል የጨዋታና የትዝታ ነው። የባርነትን መከራ የሚያወሳውም ይኸው ሁለተኛ ክፍል በመሆኑ፣ በቃሉም በስሜቱም ለብሉዝ የሚቀርበው እርሱ ነው። ሦስተኛው ክፍል ሲነካ ግን ጥያቄው የሙዚቃ መሆኑ ያበቃና የፈቃድ ይሆናል።

ከማራኬሽ እስከ ኤሳዊራ

ከ1990ዎቹ ጀምሮ መገናኘቱ እየበዛ ሄደ። በ1992 ዌስተን ታላላቅ ማዕለሞችን በማራኬሽ ሰብስበው ያስቀረጹት አልበም በ1994 ወጣ። በዚህ ሥራ ላይ የዌስተን ፒያኖ የሚሰማው በአንድ ዜማ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ለጊምብሪው ተትቷል። ስማቸው በሽፋኑ ላይ የተጻፈ ሙዚቀኛ በገዛ አልበማቸው ዝም ማለታቸው ከብዙ ንግግር የበለጠ ያስረዳል። በ1993 ደግሞ ዌስተን ከቴክሳሱ የብሉዝ ዘፋኝና ጊታሪስት ከጆኒ ኮፕላንድ ጋር "ቮልኬኖ ብሉዝ" የተባለውን አልበም ሠርተዋል፤ ብሉዝና አፍሪካ በእርሳቸው ዘንድ የአንድ ሥራ ሁለት ገጾች ነበሩ። በ1994 ሳክስፎን ተጫዋቹ ፋሮዋ ሳንደርስ ከማዕለም መሕሙድ ጊንያ ጋር በኤሳዊራ ተቀረጹ፤ በዚያው ዓመት ጂሚ ፔጅና ሮበርት ፕላንት በማራኬሽ ከግናዋ ጋር የተጫወቱት ሥራ ወጣ። ከሞሮኳውያን ወገን የሳሌው ማጂድ በካስ ጊምብሪን፣ ጊታርንና ኡድን አንድ ሰው ሆነው በመያዝ የአፍሪካ ግናዋ ብሉዝ ብለው የሰየሙትን መንገድ ቀደዱ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሁለቱ ሙዚቃዎች የሚስማሙት በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ ሳይሆን በአንድ ሰው እጅ ውስጥም መሆኑ ነው።

በ1998 የግናዋና የዓለም ሙዚቃ በዓል በኤሳዊራ ተመሠረተ። በበዓሉ ላይ ማዕለሞች ከውጭ ከመጡ የጃዝና የብሉዝ ሙዚቀኞች ጋር ከመድረክ በፊት አብረው እየተለማመዱ ለሕዝብ ይቀርባሉ። በ2020 እና በ2021 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ቢቋረጥም፣ በ2022 በየከተማው በመዞር፣ በ2023 ደግሞ በኤሳዊራ እንደገና ተከናውኗል። በ2019 ዩኔስኮ ግናዋን በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አሰፈረ። እንደ አስማ ሐምዛዊ ያሉ ወጣት ሴቶችም ለወንዶች ብቻ የተተወ የነበረውን ጊምብሪ ይዘው በመድረክ ታይተዋል።

ይህ ሁሉ ትርፍ ነው፤ ዋጋ ግን አለው። ዲቦራ ካፕቻን በ2007 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ሥርዓቱ ወደ ዓለም ገበያ ሲወጣ የመንፈሱ ተመስጦ ራሱ የሚሸጥ ነገር ይሆናል። ለበዓል የሚጫወት ወጣት በአጭር ሰዓት ተወዳጅ የሆኑትን ዜማዎች መምረጥ ይማራል፤ የሌሊቱን ሙሉ ቅደም ተከተል የመማር ትዕግሥት ሊያጣ ይችላል። ዜማዎቹ የማኅበር ሀብት እንጂ የአንድ ደራሲ ባለመሆናቸው፣ በአልበም ላይ የማን ስም በደራሲነት ይጻፍ፣ ገንዘቡስ ለማን ይከፈል የሚለው ጥያቄም ይነሣል። በሌላ በኩል ማዕለሙ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሠራተኛ ነው፤ ቅርስህን ጠብቀህ በድኽነት ኑር ሊባል አይገባውም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ሁለት የሙዚቃ ባህሎች መዋሐዳቸው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ጥያቄ ብዙ እንደማያራምድ ነው። የሚያራምደው ጥያቄ ማን ማንን አስፈቀደ፣ ማንስ ለማን ቦታ ለቀቀ የሚለው ነው። ከበሮውን የተነጠቀው የአሜሪካ ጥቁር በኤሳዊራና በታንጂር የብረቱንና የቆዳውን ድምፅ ሲሰማ የጠፋበትን አገኘሁ ቢል ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ነገር ግን ያንን ድምፅ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠብቁ የኖሩት ሰዎች የሥርዓቱ ባለቤቶች ናቸው። ራንዲ ዌስተን በ2018 በዘጠና ሁለት ዓመታቸው ዐርፈዋል፤ ትተውት ያለፉት ትልቁ ትምህርት ግን አንድን ዜማ ለመጫወት የጠበቁት ያ አንድ ዓመት ይመስለናል። የበገናን፣ የዋሽንትን ወይም የዛር ቤትን ዜማ ወደ መድረክ ለማምጣት የሚያስብ የእኛም አገር ሙያተኛ የራሱን ዓመት ቢጠብቅ አይከስርም።